ዘሩ የጋራ፣ ደመወዙ የማን?

አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን የያዘች ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ አለች። ሥራዋ አብዛኛው በኦሮምኛ ነው። ቁቤ ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ ፕሮግራም አይጠይቅም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለዕድር ደንብ፣ ለሙት ዓመት ጥሪ ግን አማርኛ ይፈለጋል። እኔም በቅርቡ ላፕቶፔ አማርኛ አልጽፍም ብሎ አስቸግሮኝ ይዤው ገባሁ። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። «ይቀመጡ ጋሼ» አለኝ። ፍላሽ ከኪሱ አወጣ፣ ሰካ፣ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ጨረሰ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ፕሮግራሙ በነጻ ነው ጋሼ። ለመጫኛ ሁለት መቶ ብር ይሰጡኛል።»

«የተገዛ ነው?»

ሳቀ። «ማን ይገዛል ጋሼ! ክራክ ነው። ሙሉ ነው ግን፣ አያስቡ።»

«የሠራው ሰውስ?»

«የቱ ሰው?»

በክፋት አላለውም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ለአምስት ደቂቃ ሥራው ሁለት መቶ ብር ሲጠይቅ አልተሳቀቀም፤ እኔም ስሰጠው አልተከራከርኩም፤ ላቡ ነዋ። ዓመታት ፈጅቶ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን ለሁለታችንም አልታየንም። ልጁን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ተቀባይ ባይኖር ሌባ አይኖርም ይሉ የለ? ተቀባዩ እኔ ነኝ፣ ከፍዬም ወጥቻለሁ።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር፤ የድሮ ሙያዬ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ። «ነጻ» አንድ ነገር ነው፣ «በነጻ» ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ነጻ አገር ናት እንላለን። በነጻ የተገኘች አገር ናት የሚል ሰው ቢመጣ ግን አድዋ ላይ የወደቁትን ቆጥረን እናሳፍረዋለን። ልዩነቱ አንዲት «በ» ናት። እንግሊዝኛ ይህችን «በ» አልታደለም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለው አሜሪካዊ «ነጻ ሶፍትዌር» ብሎ ከተነሳ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሜውን የጨረሰው «ነጻ ስል የተጠቃሚውን ነጻነት ማለቴ ነው፣ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም» እያለ በማስረዳት ነው። የእኛ ቋንቋ በአንድ ፊደል የሚገላግለውን ነገር ሰውዬው በሺህ ንግግር አልጨረሰውም። የሚገርመው፣ ፊደሏን ይዘን እኛም እንደ ፈረንጆቹ ተምታታብን።

ሶርስ ኮድ የሚባለው ፕሮግራመሩ በእጁ የጻፈው፣ ሰው አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚበላው ከዚያ ተፈጭቶ የወጣውን ነው። ለአርሲ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ስንዴውን የያዘ ሰው ይፈጨዋል፣ ሲፈልግም ይዘራዋል። ዱቄት ብቻ የተሸጠለት ሰው ግን ጋግሮ ይበላል እንጂ መዝራት አይችልም። ሶርስ ኮድ መካፈል ማለት ዘር መካፈል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ዘሩን የሚደብቅ አልነበረም። (የፈረንጆቹን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ሳወራ «ዓ.ም.» እላለሁ።) በ1950ዎቹ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ ብረት ነበር። ገበያ የሚወጣው ብረቱ ነው፤ ፕሮግራሙ አብሮ ይመጣል። በ1955 የአይቢኤም 704 ማሽን ተጠቃሚዎች ሎስ አንጀለስ ላይ ተሰባስበው «ሼር» የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙ ራሱ መካፈል ማለት ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይወስዳል፣ ያሻሽላል፣ መልሶ ይሰጣል። ደቦ በሉት። ደቦው ግን ጽድቅ አልነበረም፤ ጸሐፊዎቹ ወር ጠብቀው ከየድርጅታቸው ደመወዝ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በሰኔ 1969 አይቢኤም ፕሮግራሙን ከብረቱ ለይቼ አስከፍላለሁ ብሎ አወጀ። ሶፍትዌር ሸቀጥ ሆነ። በየካቲት 1976 ደግሞ የሃያ ዓመቱ ቢል ጌትስ ለኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አልቴር ለሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ከጓደኞቹ ጋር የጻፈውን ቤዚክ የተባለ ፕሮግራም ሰው እየገለበጠ ወሰደው። ከአልቴር ባለቤቶች የገዛው ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ የደረሰን ገንዘብ ለደከምንበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ሁለት ዶላር አይሞላም፤ አብዛኞቻችሁ ሌቦች ናችሁ አላቸው። ብረቱን ሲገዙ የማያንገራግሩ ሰዎች ፕሮግራሙ ላይ ሲደርሱ «ይህማ የጋራ ነው» ማለታቸው አቃጥሎታል። ጌትስን የሚወድ አለ፣ የሚጠላ አለ። ደብዳቤው ላይ ግን የአሰላውን ልጅ «የቱ ሰው?» አስቀድሞ መልሶታል፦ እኔ ነኝ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።

የስቶልማን ብሶት ከሌላ በኩል መጣ። የሚሠራበት የኤምአይቲ ቤተ ሙከራ ማተሚያ ማሽን ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራል። ችግሩን በፕሮግራም ለማስተካከል ሶርስ ኮዱን ሲጠይቅ፣ ኮዱን የያዘው ሰው «ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» አለው። በ1983 ማንም አንብቦ፣ ለውጦ፣ አባዝቶ የሚሰጠው ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ አወጀ፤ ሥራውንም ለቀቀ። አሁን እኛ አገር ያሉ የ«በነጻ» ወዳጆች የሚዘሉትን ገጽ ልንገራችሁ። ይኸው የመካፈል አባት በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ አንዱን በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር! ይኖርበት የነበረው በዚያ ነው። ገዢው ቴፑን ለሌላ መቅዳት ይችላል፤ ያ መብቱ ነው። ሻጩም መብላት አለበት፤ ያ ደግሞ ሆዱ ነው። ሁለቱ አልተጣሉም።

ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስም እንዲሁ ነው። ሳጉሬ ገበያ ላይ ነጋዴው የስንዴ ዋጋ የሚጠይቅበት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ከአንድሮይዱ ሥር ሊኑክስ አለ። ሊኑክስን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ብቻ ይመስሉናል። ዛሬ አብዛኛውን ኮድ የሚጽፉት የኩባንያ ደመወዝተኞች ናቸው። ሶፍትዌርን ከብረት ለይቶ መሸጥ ያስለመደው አይቢኤም ራሱ በ2019 ሬድ ሃት የሚባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ኮዱ የጋራ ነው፤ ማንም ወስዶ ማየት ይችላል። 34 ቢሊዮኑ የተከፈለው ለኮዱ ቅጂ ሳይሆን ኮዱን ለሚያውቁና ለሚጠብቁ ሰዎች፣ ለእነሱም ደንበኞች ነው።

ወደ ፊደላችን እንመለስ። ግዕዝን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባው ሚኒስቴር አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲም አይደለም። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት አቶ ፍስሃ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ ብለው አማርኛ መጻፊያ ሠሩ። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላ ሞድኢትን ሠሩ፤ ኋላም ለአጻጻፍ ዘዴያቸው አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አወጡ። ሌሎችም ተከተሉ። አገር ቤት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እያልን የምናውቃቸው መጡ። የሚሸጡ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ እኛ ግን በአብዛኛው አልገዛናቸውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ እኩል ቆጥሮ ጥበቃ ሰጠው። አዋጁን ራሱን በተሰረቀ ፕሮግራም የተየበ መሥሪያ ቤት እንዳለ ብትነግሩኝ አልደነግጥም።

እንዲህ ያለው ገበያ ሠሪውን ወዴት ይገፋዋል? ወደ መደበቅ። የማይከፈለው ሰው ቢያንስ ኮዱን ይቆልፋል። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ እዚያ አልበቃ ስላለ እያንዳንዱ ሠሪ በመሰለው መንገድ ደረደረው። ውጤቱን የማይረሳ የእኔ ዘመን አስተማሪ የለም። አንዱ ላይ የጻፍኩት የቅኔ ፈተና ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስል ነበር። «ሰምና ወርቁን ለይ» ያልኩት ጥያቄ ፈተና ክፍል የደረሰው ሰምም ወርቅም የሌለው ሆኖ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሥርዓት በ1999 ግዕዝን አስገብቶ ባይገላግለን ኖሮ፣ ዛሬም እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ ባቢሎን ነበረው።

ከሸጡት ጎን የሰጡም አሉ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል ወክሎ የሚያስጽፈውን «ሴራ» የተባለ ዘዴ አዘጋጅተው ለሕዝብ ሰጡ። (ስሙን በአማርኛ ስታነቡት አትጠርጥሩ፤ ምንም የተሸረበ ነገር የለበትም!) ዳንኤል ያዕቆብ ለዓመታት የግዕዝ ቁልፎችን ከነሶርስ ኮዳቸው ሲያወጣ ኖሯል። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት የኤስ.አይ.ኤል. ድርጅት ሥራ ነው፤ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል። ኪማን የተባለው የቁልፍ ፕሮግራም ቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ በ2015 ያው ድርጅት ከተረከበው በኋላ ክፍያውም ቀረ፣ ኮዱም ተከፈተ። ስለዚህ የአሰላው ልጅ ክራክ ማድረግ አያስፈልገውም ነበር፤ ሕጋዊውና የተሻለው ነገር ደጁ ላይ ቆሟል።

ግን ጠይቁ፦ ለዚህ ሁሉ ማን ከፈለ? ግማሹ ከሠሪዎቹ ኪስና ከእንቅልፋቸው ወጣ። ግማሹን የውጭ ድርጅት ከፈለ። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ኒያላ» ፎንት ስሙን ያገኘው ከደጋ አጋዘን ነው፤ እዚህ ከኋላችን ጭላሎና ገላማ ላይ ከሚሰማራው እንስሳ። የከፈለው ማይክሮሶፍት ነው፤ የሠራው ካናዳ የሚገኝ የፊደል ቀራጭ ቤት ነው። አጋዘኑ የእኛ፣ ፊደሉ የእኛ፣ ደመወዙ ግን የሰው! ሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን እያልን ደረት የምንነፋ ሰዎች ለፊደላችን የአንድ ሰው የወር ደመወዝ አልመደብንም።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ቁም ጸሐፊው ዳዊት ሲገለብጥ ለዋናው ደራሲ ሳንቲም አይከፍልም፤ መገልበጥ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም በረከት ነው። ጸሐፊው ግን አይራብም። መጽሐፉን ያዘዘው ባላባት ወይም ደብር ብራናውን፣ ቀለቡንና ድካሙን ይችላል። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጸሐፊውም የአጻፊውም ስም ይነሳል። ከዚያ ውግዘት ይከተላል፤ የሚወገዘውም የሰረቀና የፋቀ ነው። የገለበጠ አልተወገዘም! መጽሐፉን ከማኅበሩ የነጠለና ስሙን ያጠፋ ነው የተረገመው። ለዓመታት ይህን ተማሪ ፊት ቆሜ እንደ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሳስተምር ነበር። የሶፍትዌር ፈቃድ ሕግ እያስተማርኩ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው፤ እነዚህ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃዶች የሚሉትም ገልብጥ፣ ለውጥ፣ ስሜን ግን አትፋቅ ነው፤ አንዳንዶቹም ለራስህ ብቻ አትቆልፈው ይጨምራሉ።

ደመወዝና መካፈል አብረው ሲሄዱ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ። በእኛ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ያለ ነው። እዚያ ያሉ የስንዴ አዳቃዮች ከሜክሲኮው ሲሚት በየዓመቱ ዝርያ ይመጣላቸዋል። ሲሚት ዝርያውን ለጠየቀው አገር ሁሉ ይልካል። የእኛዎቹ ይዘራሉ፣ ይመርጣሉ፣ ያዳቅላሉ፤ ከተመረጠው ውስጥ ለአርሲ አየር የሚስማማውን ስም ሰጥተው ይለቃሉ። ኩብሳ እንዲህ ነው የመጣው። ገበሬው አንዴ ካገኘው ለአማቹ ይሰጣል፣ ለጎረቤቱ በእህል ይለውጣል፤ የ1998 ዓ.ም. የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ እንኳ ገበሬው ዘሩን የማስቀረትና የመለዋወጥ መብቱን አልነካበትም። ዘሩ የጋራ ነው። አዳቃዩ ግን ኩብሳ በተዘራ ቁጥር አይከፈለውም፣ አይለምንምም፤ ወር ሲደርስ ከመንግሥት ደመወዙን ይወስዳል። የሲሚቱም አዳቃይ እንደዚያው ደመወዝተኛ ነው።

ለምን ደመወዝ? ዝርያው ተለቆ አልቋል አይደል? አላለቀም። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዮቹ ወራት ቢጫ ዋግ ሲነሳ ኩብሳና ገላማ ስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ ዱቄት እንደተነፋበት ሆኖ ቀረ። ያን ዓመት አርሲና ባሌን ያየ ያውቀዋል። ዋግ ራሱን ይለውጣል፤ ትናንት የቻለውን ዝርያ ዛሬ ይሰብረዋል። ዳንዳአና ካካባ ያኔ ተለቀው ባይደርሱ፣ አዳቃዩም ዘጠኙን የሰላም ዓመት ሥራ ፈት ይመስል ደመወዝ እየተከፈለው ባይቆይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ቀጥሎ ደግሞ ዲገሉን የግንድ ዋግ መታው። ሥራው አያልቅም።

ኮድም ዋግ አለው። በ2014 ሃርትብሊድ የሚባል ቀዳዳ ተገኘ፤ የተገኘውም የኢንተርኔቱ ዓለም የይለፍ ቃሉንና የባንክ ቁጥሩን በሚሸሽግበት ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ የጋራ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ግዙፎቹ ኩባንያዎች ሁሉ ይጠቀሙበታል። ሙሉ ጊዜውን ለዚያ ፕሮግራም የሰጠው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ፋውንዴሽኑ በልገሳ የሚያገኘው ደግሞ በዓመት ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ። ሁሉም «በነጻ ነው» ብሎ ሲበላ፣ ጠባቂ መቅጠር የማንም ሐሳብ አልነበረም። ስለዚህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ለቅጂው ሳይሆን ለጥበቃው እንክፈል። ቅጂ ማብዛት ምንም አያስወጣም፤ ለእሱ ሰው እስር ቤት መክተት ጨዋታ ነው። ዋጋ ያለው ኮዱን የሚያውቅ ሰው ነገም በቦታው መገኘቱ ነው።

መካፈል ብቻውን ፍትሕ ያመጣል የሚሉ የዋሆችም አሉ፤ ለእነሱም አርሲ ትምህርት አላት። ካዱ በሚባለው፣ በስዊድን ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. በተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለትንሹ ገበሬ ብሎ ነበር የተጀመረው። ምርቱ ሲያድግ ባለመሬቱ አየ፤ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አፈናቀለው። ዘሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይታይ ቀርቶ ነው። የጋራ ኮድ ላይ ቢሊዮን የሠሩ ኩባንያዎችና ያንን ኮድ ማታ ማታ የሚጠግን ሰው ግንኙነታቸው ከዚህ ብዙም አይለይም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። አስተምርበት በነበረ አንድ ኮሌጅ (ስሙ ይቅር) አንድ ወጣት የኮምፒዩተር መምህር ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ቢሮ እያመሸ የተማሪ ምዝገባና ውጤት የሚይዝ ፕሮግራም ጻፈ። ከዚያ በፊት ውጤት የሚያዘው በትልቅ መዝገብ ነው፤ ሬጅስትራሩ ደጃፍ ሰልፍ አይጠፋም ነበር። ፕሮግራሙ ሠራ፣ ሰልፉ ጠፋ። ልጁ የድካሜን ስጡኝ ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ነበርኩ። ሰብሳቢያችን ሲዲውን ብድግ አድርጎ፣ «ይሄ ባዶውን ስንት ይገዛል? አምስት ብር! የአምስት ብር ነገር ነው በሺህ የሚጠይቀን?» አለ። ሳቅን። የምስጋና ወረቀት ይሰጠው ብለን ወሰንን። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔም ፊርማ አለ፤ ሰውን ግጥም የሚያስተምር ሰው ፊርማ! አንድ የግጥም መድበል ባዶ ወረቀቱ ስንት ይገዛል ብሎ ቢጠይቀኝ ከቢሮዬ ባባረርኩት ነበር።

ልጁ የምስጋና ወረቀቱን ተቀብሎ አመሰገነ። በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ። ሶርስ ኮዱ አብሮት ሄደ፤ የጠየቀውም አልነበረም፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ጋ የቀረው ዱቄቱ ነው። ቀጥሎ የውጤት አሰጣጡ ሕግ ሲለወጥ ፕሮግራሙ አሮጌውን እየቆጠረ ተማሪ ሲጥል ሲያነሳ ከረመ። የሚያስተካክለው ጠፋ። ወደ መዝገቡ ተመለስን፣ ሰልፉም ተመለሰ። የትምህርት ማስረጃዋ በጊዜ ሳይደርስላት ቀርቶ የቅጥር ቀን ያለፈባት አንዲት ልጅ ከሶዶሬ እየተመላለሰች ደጃፋችን ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያለቀሰችው ያን ቀን በሳቅንባት በአምስት ብሯ ሲዲ ምክንያት ነው። ልጁ ኮዱን ይዞ መሄዱ ልክ ነበር ወይ? አልነበረም፤ ለጋራ ጥቅም የተሠራ ነገር ነው። ግን ለማን ይተወው? ከእኛ ውስጥ ማን ነበር የሚረከበው?

ይህ የአንድ ኮሌጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጤና ጣቢያዎችን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ሶርስ ኮዱ ክፍት ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዛሬ የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፕሮግራመሮቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ከፋዮቹ ደግሞ ኖርዌይና ሌሎች ለጋሾች። ፋይዳ መታወቂያችን የቆመበት ሞሲፕም በ2018 ባንጋሎር ላይ የተጀመረ ክፍት ኮድ ነው። ከገንዘብ ምንጮቹ አንዱ የጌትስ ፋውንዴሽን ነው። አዎ፣ የዚያ የደብዳቤው ሰውዬ! ሌቦች ብሎ በጻፈ በአርባ ዓመቱ ለጋራ ኮድ ደመወዝ ከፋይ ሆነ። ከፋይ ካለ መካፈል እንደሚቻል ከእሱ በላይ ማን ይመስክር?

ክፍት መሆናቸው መልካም ነው፤ ዱቄት አልተሸጠልንም፣ ዘሩ በእጃችን ነው። ዘር በእጁ ያለ አገር ግን ቁሉምሳ ያስፈልገዋል። የኖርዌይ ልብ ቢቀየር፣ ለጋሹ ፊቱን ወደ ሌላ ቢያዞር፣ ያን ኮድ ከፍቶ «ይህችን መስመር እኔ አስተካክላታለሁ» የሚል ሰው በመንግሥት ደመወዝ መዝገብ ላይ ስንት አለን? በ2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮች እናሠለጥናለን ተብሎ ተጀምሯል። ይሠልጥኑ፣ ደስ ይለኛል። ሠልጥነው የምንሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ከሆነ ግን አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መሸኛችን ነው።

«ደሃ አገር ነን፤ ለሶፍትዌር የምንከፍለው የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቁሉምሳ ሲቋቋም ሀብታም ነበርን እንዴ? ደሃ ስለሆንን አይደል እንዴ ለእያንዳንዱ ቅጂ ለውጭ ኩባንያ ከመገበር ይልቅ ለጥቂት ሰው ደመወዝ ከፍለን ለሁሉም ማከፋፈል የሚያዋጣን? የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ፕሮግራም ውሉ ላይ ሶርስ ኮዱ ለሕዝብ እንደሚሰጥ ይጻፍ፤ ዞን ለዞን፣ ኮሌጅ ለኮሌጅ ይዋሰ። እዚያው ውል ላይ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ማን እንደሚጠብቀውና በየወሩ ስንት እንደሚከፈለው ይጻፍ። አንዱ ያለ ሌላው አይሁን። ክፍያ የሌለው መካፈል ልጁን ያስርበዋል፤ መካፈል የሌለው ክፍያ ደግሞ ለአንድ ነጋዴ አስሮን ይቀራል።

ይህን የሚጠራጠር ሰው አንድ ነገር ይሞክር። አዲስ ሲስተም ያስመረቀ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ይግባ። የባነሩ፣ የቲሸርቱ፣ የምሳው፣ የተሳታፊዎች አበል የተከፈለበት ሰነድ ተሟልቶ ይቆየዋል። ቀጥሎ የጥገናውን ይጠይቅልኝ።